ያላከራየኸው ፊልም

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አስበን ዋልን። ቅዳሴው አልቆ፣ ሰዉ ጸበል ጻዲቁን ቀምሶ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ነው ልጽፍልህ የወሰንኩት። ከዚያ በፊት ብጽፍ ኖሮ ደብዳቤ ሳይሆን ስድብ ይሆን ነበር። አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ሆድ ሲብሰኝ ላዋየው የምፈልገው ሰው ግን አሁንም አንተው ነህ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ቤቱ እንደነበረ ነው። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። መጀመሪያ ሰሞን ሶፋው ላይ ያንተ ቦታ ላይ ማንም አይቀመጥም ነበር፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን እማዬ ራሷ የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ዮናስ አዲሱ ገበያ አካባቢ ቤት ተከራይቶ ወጥቷል። ከዊንጌት ዝቅ ብሎ ያለውን ሱቅህን ለቀቅነው፤ አሁን የሞባይል ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጥበታል። የተከራየው ሰው በሩ ላይ ያሳልከውን የቪዲዮ ካሴት ሥዕል አላጠፋውም፤ ምን እንደሆነ የገባው አልመሰለኝም።

ይህን ደብዳቤ ሌሎችም ያነቡታልና፣ ለማያውቁህ ሲባል የምታውቀውን ነገር ደግሜ ልንገርህ። አንተ ፊልም አከራይ ነበርክ። ያኔ በየሰፈሩ ፊልም አከራይ ነበር፤ እንዳንተ ያለ ግን አልነበረም። ሌሎቹ የመጣውን ሁሉ ይደረድራሉ። አንተ ራስህ ቁጭ ብለህ ሳታየው አንድም ፊልም መደርደሪያው ላይ አይወጣም። ጠዋት ሱቁን ከፍተህ፣ ትንሿን ቴሌቪዥን ወደ ግድግዳው አዙረህ፣ እጅህን አጣጥፈህ ታያለህ። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ቢመጣ በእጅህ ምልክት ሰጥተህ ታስቆመዋለህ። ሲያልቅ ሁለት ነገር ትጠይቃለህ፤ ትምህርት አለው ወይ? እውነት ይመስላል ወይ? ሁለቱንም ካለፈ ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ትለጥፍበታለህ፤ ቤተሰብ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል ማለት ነው። አንዱን ብቻ ካለፈ ያለ ምልክት ይቀመጣል፤ ለሚወስደው ሰውም ጉድለቱን ትነግረዋለህ። ሁለቱንም ከወደቀ ቀይ ይለጠፍበታል። ቀዩን ለአዋቂ ብቻ፣ ያውም እንዲተወው እየተማጸንክ ነበር የምታከራየው። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን «ጋሽ ታደለን አረንጓዴ ስጡኝ በላቸው» ብለው ይልኩ ነበር። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አይጠይቁም።

ስትተች ደግሞ አያድርስ ነው። ድሃ ነች የተባለችው እናት ቤት አዲስ ሶፋ ካየህ «ይሄን በምን ገዛችው?» ብለህ ፊልሙን ታቆማለህ። ከእንቅልፏ የምትነሳው ልጅ ሊፕስቲክ ተቀብታ ከሆነ ከመሳቅ ሌላ ሥራ የለህም። ድሃው ልጅ በሁለተኛው ሲዲ ሀብታም ሆኖ ብቅ ሲል፣ መሃል ላይ ያለውን ሲዲ ማን ሰረቀን ትላለህ። ከሁሉ የማትወደው ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ዕርቅ ነበር። ሁሉም ተላቅሰው፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ ሲተቃቀፉ ትነሳና ትቆማለህ። «ይቅርታ ሲባባሉ አየን፤ ማን ምን እንዳጠፋ ግን አፉን ከፍቶ የተናገረ የለም። ይሄ ዕርቅ አይባልም» ትል ነበር። ይህን ስትል የአሥራ ሁለት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዓለም ላይ እንዳንተ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተራው የእኛ ነው። ያመጣኸውን ፊልም አብረን አይተን ስንጨርስ ቴሌቪዥኑን ታጠፋና በየተራ ትጠይቀናለህ። ከእማዬ ትጀምራለህ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ዮናስን። «ደስ ይላል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። አባትየው ያደረገው ልክ ነው ወይ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እውነት በእኛ ሰፈር እንዲህ ይደረጋል? ሰውን መመዘን ከዚያ ሶፋ ላይ ነው የተማርኩት። የጓደኞቼ አባቶች ይቆጡ ነበር፣ ይጠጡ ነበር፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ አይናገሩም ነበር። የእኔ አባት ግን እውነት ከውሸት ያስለየኝ ነበር። በዚህ ስኮራ ማን ይስተካከለኝ ነበር።

ትምህርትህ ደግሞ ፊልም ላይ አልቀረም። ላገባው የነበረውን ሰው ታስታውሳለህ። ሥራ ከለቀቀ ወራት አልፎት ሳለ በየጠዋቱ ከረባት አስሮ የሚወጣውን። ደርሼበት ስነግርህ «ገና ሳይገባ መደበቅ የጀመረ ሰው፣ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል?» አልከኝ። ሽማግሌ ሊልክ ቀን የቆረጠውን ሰው ተውኩት። አፍሮ ነው የደበቀኝ፣ ክፋት የለውም ብላ እማዬ ብትለምነኝም አልሰማኋትም፤ አንተን ነው የሰማሁት። እስከ ዛሬ አላገባሁም። ይህን የምነግርህ ጥፋተኛ ነህ ለማለት ብቻ አይደለም። ምን ያህል አምኜህ እንደነበር እንድታውቅ ነው።

አሁን ወደ ራሔል ልምጣ።

ራሔል ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣ ደንበኛችን ነበረች። ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ የምትኖር፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን ቅዳሜም የማታወልቅ ልጅ። እሷ ስትመጣ አንተ ሁልጊዜ እኔን የምትልክበት ነገር አታጣም ነበር። ሂጂ ፕላስተር ገዝተሽ ነይ፣ ሂጂ ለእማዬ ይሄን ንገሪያት። ስመለስ አንተ ፊልም እየመረጥክላት፣ የእያንዳንዱን ትምህርት እያስረዳሃት አገኛችኋለሁ። ለሌላ ደንበኛ እንደዚያ አትደክምም ነበር። ቀንቼባት ነበር፤ ፊልም የምትወድ ልጅ ስለሆነች አባቴ ወደዳት ብዬ ነበር የቀናሁት።

አንድ ጊዜ ከተማው ሁሉ ያወራለት ፊልም ወጣ። አንድ የተከበረ ሰው ከትዳሩ ውጭ የወለዳትን ልጅ እዚያው ሰፈር ውስጥ ደብቆ እያሳደገ፣ በየቀኑ በበሩ ስታልፍ ዝም ብሎ የሚያይበት ፊልም። አንተ እንደ ልማድህ ብቻህን አየኸው። ሲያልቅ አረንጓዴም ቀይም አልለጠፍክበትም፤ ኪስህ ከተትከው። የሰፈሩ ሴቶች ሊከራዩት ሲመጡ የለም ማለት ትችል ነበር። አንተ ግን ባንኮኒው ላይ ተደግፈህ ስብከት ያዝክ። «አባት ልጁን እዚሁ ሰፈር እያየ ዝም ይላል? እንዲህ ያለ ሰው የለም፤ ካለም ሰው አይባልም። ውሸት ነው፤ ቤተሰብ አይየው» አልክ። ሴቶቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ራሔል አጠገባቸው ቆማ ነበር። የያዘችውን ፊልም ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ረስታው የሄደች መስሎኝ ይዤ ተከተልኳት፤ ታክሲ መጠበቂያው ጋ ስደርስባት እያለቀሰች ነበር። ትምህርት ቤት የተጣላች መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልመጣችም።

አንተ በአጭር ሕመም ስታልፍ የሕይወት ታሪክህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ የዮናስ ጓደኛ አነበበው። «አቶ ታደለ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ» የሚለው ጋ ሲደርስ እማዬ ጮኻ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። በኋላ እንዳወቅኩት፣ ከሴቶቹ ኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመች አንዲት ሌላ ሴት እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ማልቀሷን አቁማ ነበር።

አርባህ ላይ አየኋት። አርባ ላይ ጎረቤትና ወዳጅ እንደ ነገሩ ነው የሚለብሰው፤ ከራስ እስከ እግር ጥቁር የምንለብሰው እኛ ነን። ራሔል ግን ከእኔ የባሰ ጥቁር ለብሳ መጣች። አንዷ ጎረቤታችን ይህች የማን ናት ብላ ጠየቀችኝ፤ የድሮ ደንበኛ ናት አልኳት፣ ለአንተ ያላትን ክብር አስቤ እያመሰገንኩ። ከዚያ ሱቁን ባዶ በምናደርግበት ሰሞን፣ እኔ ብቻዬን በነበርኩበት ቀን መጣች። ትንሽ ስለ አንተ አወራን። ከዚያ መደርደሪያው የነበረበትን ግድግዳ እያየች እንዲህ አለችኝ።

«የተነበበውን ታሪኩን ሰማሁት። ትምህርት አለው። እውነት ግን አይመስልም።»

ያንተ አነጋገር ስለሆነ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ።

ፊልም ቢሆን ጠባሳ ታሳየኝ ነበር፣ ወይ ከጡቷ ሥር ያረጀ ፎቶ ታወጣ ነበር፣ አንተም ትስቅ ነበር። ምንም አላወጣችም። ወንበሮቹን ሸጠናቸው ስለነበር ቆመን ነው ያወራነው። እናቷ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ትሸጥ ነበር። ራሔል ስትወለድ ያንተ ስም እንዳይነሳ ተብሎ በአባት ስም ቦታ የእናቷ አባት ስም ገባ። አንተ ያደረግክላት ነገር ቢኖር ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ደንበኛ መጥታ እንድታይህ መፍቀድህ ነው፤ ያውም እንደ ማንኛውም ሰው ጋሽ ታደለ እያለች። በገዛ ሱቅህ፣ በገዛ ባንኮኒህ፣ እኔን ፕላስተር ግዢ ብለህ እየላክህ።

ደግሞ ይህን አታውቅም፤ እኔ ነኝ የምነግርህ። ቤታቸው ቴሌቪዥንም ማጫወቻም አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት የወሰደቻቸውን ፊልሞች አንዱንም አላየችም። ይዛው ትሄዳለች፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ትመልሰዋለች፤ የምትመጣበት ምክንያት እንዲኖራት ነው። አንተ እንዴት አየሽው፣ ምን ተማርሽበት ብለህ ስትጠይቃት፣ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ካለው ጽሑፍ እያነበበች ያጠናችውን ትነግርሃለች። አንተም ጎበዝ ትላታለህ። የተዋናይን ውሸት ከዓይኑ አያለሁ የምትለው ሰውዬ።

ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ነበር። እኔ ነኝ ማልቀስ የጀመርኩት።

የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሙት ዓመትህ የመቃብር ድንጋይ እንደምናስተክል ሰምታለች። «ስሜ ይግባልኝ አልልም። የሁለት ልጆች አባት የሚለው ግን ድንጋይ ላይ አይጻፍብኝ» አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

በማግስቱ እህትህ እትዬ ዘውዴ ጋ ሄድኩ። ገና የራሔልን ስም ስጠራ ቁጭ አሉ። ሁሉንም ያውቁ ነበር። መጀመሪያ እማዬ ጥላው እንዳትሄድ ፈርቶ ነው አሉኝ። በኋላ ደግሞ ሰፈርተኛው ፈራጅ አደረገው፤ እናቶች ልጆቻቸውን በእሱ ቃል የሚያሳድጉበት ሰው ሆነ፤ ያን ጊዜ እንዴት አድርጎ ይናገር አሉ። ይኼ እንደ ማስተዛዘኛ ነበር የተነገረኝ። እኔን ግን እዚህ ላይ ነው የቆረጠኝ። ልጅ መውለድህን እችለው ነበር አባዬ። ሰው ነህ፣ ተሳሳትክ። ግን የእኛን ዓይን ራስህ ከፍተህ፣ ራስህ መልሰህ ጋረድከው። ያን ፊልም ውሸት ነው ያልከው እውነት መሆኑን ከማንም በላይ ስለምታውቅ ነው። ለዓመታት እውነት ይመስላል ወይ እያልክ ስትጠይቀን፣ የእኛ ቤት ራሱ ፈተናውን እንደማያልፍ አንተ ብቻ ታውቅ ነበር።

ለእማዬ እኔ ነገርኳት። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም። ዕድሜዋ ስንት ነው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ስነግራት እኔን ጡት ያስጣለችበትን ጊዜ ማስላት ጀመረች። ከዚያ የተናገረችውን መቼም አልረሳውም። «ፊልም ስናይ ሚስትየዋ እንዴት አታውቅም፣ እንዴት ያለች ጅል ናት እያልኩ ስስቅ፣ እሱም አብሮኝ ይስቅ ነበር» አለች። የታጠበውን ልብስ ቦታህ ላይ መከመር የጀመረችው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው።

ዮናስ ጭራሽ አልተቀበለም። ይሄ ፊልም ነው፣ ዛሬ ለድንጋዩ፣ ነገ ደግሞ ለቤቱ ትመጣለች አለኝ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ብለው አልሰማኝም፤ ስልኬን ማንሳት ተወ። አልፈርድበትም። እሱም ያንተ ተማሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም ብለህ ያስተማርከውን ነው ይዞ የቀረው።

ድንጋይ ጠራቢው ጽሑፉን አምጡ እያለ ይደውላል። ቀላሉ መንገድ ቁጥሩን መተው ነበር። ስምህና ዘመንህ ብቻ ይጻፍ፣ ማንም አይከፋ፤ ዮናስም ሰው ልኮ በዚህ እስማማለሁ አለ። ራሔልም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ብዙ ቀን አሰብኩበት። ነገር ግን ማንም እንዳይከፋ ተብሎ ዝም ማለት ያንተ ዘዴ ነው፤ ምን እንዳተረፈልን አይቼዋለሁ። ለእማዬ ሦስታችንንም በትውልድ ቅደም ተከተል ላስጽፍ ነው አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ፈቃድ ይሁን እምቢታ ሳላውቅ ሄጄ አስጻፍኩት።

እሑድ ድንጋዩ ላይ የነበረው ጨርቅ ሲነሳ ሰዉ ቀረብ ብሎ አነበበ። ልጆቻቸው ሶስና፣ ራሔል፣ ዮናስ ይላል። የሰፈሩ ሴቶች ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ እነዚያው አረንጓዴ እያሉ ልጅ ይልኩ የነበሩት ሴቶች። ዮናስ ፊቱን አዞረብኝ። ራሔል ከኋላ፣ ከድሮ ደንበኞችህ መሃል ነበረች፤ ስሟን ስታነብ አየኋት። ወደፊት አልመጣችም። ካባ የለበሱት ካህን ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲሉ እማዬ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። ልትቆጣ ነው፣ ድንጋዩን ልታስነሳው ነው ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን ወደ ኋላ ዞራ በዓይኗ ስትፈልጋት ቆየች፤ ከዚያ «ነይ፣ እዚህ ቁሚ» አለቻት።

መጣች። ዮናስ አላያትም፤ ግን አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ጸሎቱ ቀጠለ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ከሁላችንም በላይ የተበደለችው እማዬ ናት፣ አባዬ። ለእሷ ሦስት ቃል ነው የፈጀባት። አንተ በየቅዳሜው ፊት ለፊትህ ቆማ ሳለ፣ ዕድሜ ልክህን ከአፍህ አላወጣኸውም።

አልረሳህም። ሻማህን አበራለሁ፣ ድንጋይህን አጥባለሁ፣ ስለ አንተ ለሚጠይቀኝም እጅህን አጣጥፈህ ፊልም ስታይ እንዴት ያለ ሰው እንደነበርክ እነግረዋለሁ። ስንት ናችሁ ሲለኝ ደግሞ ሦስት ነን እለዋለሁ። ይህን መናገር ግን ያንተ ፈንታ ነበር።

ልጅህ ሶስና